ሃይሉክስ 3.0 ናፍጣ፦ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ ናፍጣ ግን ይጠጣል

ቁፋሮ፦
ሰላም ቤተሰብ። መኪናው ሃይሉክስ ዲ-ፎር-ዲ 3.0 ነው። ሞተሩ 1ኬዲ፣ ማርሹ ማንዋል፣ የተመረተው በ2012 እንደ ፈረንጆቹ። ሥራዬ የድንጋይ ቁፋሮ ስለሆነ ከኋላ ኮምፕሬሰር እጎትታለሁ። ኮምፕሬሰሩ ከነጎማው አንድ ቶን ቢሞላ ነው፤ ለዚህ መኪና ብዙ አይደለም።

ድሮ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ በሦስተኛ ማርሽ ይዞልኝ ይወጣ ነበር። አሁን በሁለተኛም እያቃሰተ ነው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠው ጥቁር ጭስ ይለቃል እንጂ አይጨምርም። ከነተሳቢያቸው የተጫኑ ከባድ መኪኖች እየቀደሙኝ ነው። ባዶውን ከተማ ውስጥ ግን ትንሽ ከመስነፉ በቀር ደህና ነው።

የናፍጣው ነገር ደግሞ ባሰ። ያለ ተጎታች በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄደው አሁን 6.2 ላይ ወርዷል። የሞተር መብራት አልበራም። አየር ፊልትሮና ናፍጣ ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም።

ሦስት መካኒክ አይቶልኛል። አንዱ አራቱንም ኖዝል (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) ቀይር አለ። አንዱ ቱርቦው (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባው) አልቋል አለ። ሌላው ፓምፑ ነው አለ። ሦስቱንም ከሰማሁ መኪናውን ሸጬ ነው የማሠራው። ከየት ልጀምር?

ዳገት_ፈሪ፦
ወንድሜ ከፍታ ነው። እኛ አገር አየሩ ስስ ነው፣ ናፍጣ መኪና ሁሉ ይሰንፋል። ለምደው ኑር።

ጋሽ_ሞተር፦
ዳገት ፈሪ፣ ደጀን ዘንድሮ ከፍ አላለችም እኮ። እዚያው ዳገት ላይ በሦስተኛ ይወጣ የነበረ መኪና ዛሬ ካልወጣ ጥፋቱ የተራራው አይደለም።

ከፍታው የሚያመጣው ነገር አለ፣ አልካድኩም። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ነው። ሩቡ የለም ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን ቱርቦው ከያዘ በኋላ ብዙውን ያካክሰዋል። የሚጎዳን ቱርቦው ሳይይዝ፣ በደቂቃ ከ1,800 ዙር በታች ስንነዳ ነው። ስለዚህ ተጎታች ይዘህ ዳገት ስትወጣ ማርሽ ቀንስና ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር መሃል አቆየው። በከፍተኛ ማርሽ እያነቅክ አትውጣ።

አሁን ወደ በሽታው። ጉልበት የሚጠፋው በሦስት መንገድ ነው። አየር ያንሳል፣ ናፍጣ ያንሳል፣ ወይም ሞተሩ ደህና ሆኖ መኪናውን የሚይዘው ነገር አለ። የአንተ ጥቁር ጭስ ከሦስቱ አንዱን ወደ ኋላ ይገፋልናል። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ናፍጣው አለ፣ የሚያቃጥለው አየር የለም። ፓምፑ ደክሞ ናፍጣ ቢያጥረው ኖሮ ጭስ ሳይኖረው ዝም ብሎ ይደክም ነበር። የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ጥቁር ጭስ ያመጣል፣ እሱን አልረሳሁትም። ግን ገንዘብ የማያስወጣውን እናስቀድም።

ስካነር (የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ሰው ፈልግ። መጀመሪያ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ። የማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ግፊት ስንት ይላል? ሁለተኛ፣ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ስጠውና በ2,500 ዙር ስንት እንደሚል ጻፍልኝ። የሬል ግፊቱንም (ፓምፑ ለኖዝሎቹ የሚያቀርበው የናፍጣ ግፊት ነው)፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀውንና የተገኘውን ጎን ለጎን። የውሃውን ሙቀትም አትርሳ።

ሰላም_ሎጂስቲክስ፦
ባሕር ዳር ሆኜ የመሥሪያ ቤታችንን መኪኖች ነዳጅ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ስለ ሞተር ጋሼ ይናገሩ። እኔ ስለ 6.2ቱ ልጠይቅ። እንዴት ነው የለካኸው? ከዳሽቦርዱ ከሆነ ተወው። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ ንዳ፣ እዚያው ማደያ እዚያው መቅጃ ላይ ተመልሰህ አፉ ድረስ ሙላ። በገባው ሊትር አካፍል። በብር አትቁጠር።

ሌላው ደግሞ አትቀየመኝ። መኪናውን የሚነዳው ማነው? ናፍጣ የሚቀዳውስ? እኛ ጋ "ይህ መኪና ይጠጣል" ተብሎ ኖዝል የተቀየረለት መኪና ነበር። ጠጪው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ማታ ማታ በጄሪካን ነበር የሚወጣው።

ጎማ ቀይረህ ከሆነም ቁጥሩን ንገረኝ።

ቁፋሮ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ስካነር እፈልጋለሁ። ሰላም፣ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። በእሱ አልጠረጥርም፤ ሆኖም እንዳልሽው ራሴ እቀዳለሁ። ጎማ አዎ ቀይሬያለሁ። የፋብሪካው 265/70/16 ነበር፣ አሁን 285/75/16 አድርጌበታለሁ። ለድንጋይ መንገድ ይሻላል ተብዬ ነው።

ሰላም_ሎጂስቲክስ፦
ይኸው አገኘን አንድ ነገር። የድሮው ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሁኑ 834። 7 ከመቶ ይበልጣል። ጎማው አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን የድሮውን ነው የሚያውቀው። ቆጣሪው 100 ሲል አንተ 107 ሄደሃል። ስለዚህ 6.2ቱ በእውነቱ 6.6 ነው። ከጠፋብህ ላይ ትንሿ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የጠፋችው።

ለጉልበቱም አይጠቅምም። ማርሽህ ሁሉ 7 ከመቶ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ጎማው ራሱም ይከብዳል።

ኮሎራዶ_ልጅ፦
ከኦሮራ ነኝ፣ ከዴንቨር ጎን። እዚህ በራም 2500 ኩሚንስ መኪና እየጎተትኩ ነው የምሠራው። አይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው፣ ስለ ከፍታ አትንገሩኝ። እኔ ጋ እንዲህ ሲሆን ዲፒኤፉ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያ) ነው የሚዘጋው። ማርሚታው መተንፈስ ሲያቅተው ሞተሩ ይታፈናል። ራሱን ለማጽዳት ሲሞክር ደግሞ ተጨማሪ ናፍጣ ያቃጥላል፤ ያኔ ፍጆታው አይጣል ነው። መጀመሪያ እሱን እይ።

ጋሽ_ሞተር፦
የኮሎራዶው፣ ለአንተ መኪና ልክ ነህ። እኛ ጋ ከገቡት የዚያ ዘመን ሃይሉክሶች አብዛኞቹ ግን ዲፒኤፍ የላቸውም። ማርሚታው ውስጡ ወድቆ ሊዘጋ ይችላል፣ እሱ በመጨረሻ ይታያል።

ፓምፕ_ቤት፦
ጋሼ ናፍጣውን ቶሎ አለፉት። ሥራዬ ፓምፕና ኖዝል ስለሆነ እንዳልታማ ልጠንቀቅ፤ ቀይር አልለውም። ለካ ነው የምለው።

አንደኛ፣ ናፍጣውን ከየት ነው የምትቀዳው? ሰልፍ ሰልችቶህ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የምትገዛ ከሆነ ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ላምባ ቅባትነቱ ደካማ ነው፣ ፓምፕና ኖዝል ይበላል። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን መክፈቻ ለቀቅ አድርግና ብርጭቆ ውስጥ አውርድ። ሩብ ሰዓት አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከታች ይቀመጣል፣ ዓይንህ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሥራ ላይ ቆሞ እያለ የሚነቀነቅ፣ ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ጋዝ ስትለቅ የሚጠፋ ከሆነ ፓምፑ ላይ ያለችው የናፍጣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ትጠረጠራለች። ብቻዋን ትቀየራለች፣ ፓምፕ ሙሉ መግዛት አያስፈልግም። ሶማሌ ተራ ኮፒዋ ሞልቷል፤ ሳጥኑ ኦርጂናል ስለሆነ ብቻ አትመን።

ሦስተኛ፣ የኖዝል መልስ ናፍጣ። አራት እኩል ጠርሙስ፣ አራት ቱቦ። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ ከየኖዝሉ የሚመለሰውን ሰብስብ። አንዱ ከሌሎቹ እጥፍ ከመለሰ እሱ ነው የሚፈታው። ሦስት ደህና ኖዝል ከአንድ በሽተኛ ጋር የሚጥል መካኒክ አትቀበል።

ዳገት_ፈሪ፦
እኔ ጎረቤቴ ኢጂአሩን በቆርቆሮ ዘግቶት መኪናው እንደ አዲስ ሆኗል። ዝጋውና ተገላገል።

ጋሽ_ሞተር፦
ኢጂአር የጭስ ማውጫውን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባ ቫልቭ ነው። ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ አዎ፣ ንጹሕ አየር የሚገባበትን ቦታ ጭስ ይይዘዋል። ጉልበት ይጠፋል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል። የዘይት ትነትና ጥላሸት ተደባልቆ ማኒፎልዱን ሲደፍነው አይቻለሁ፣ አውራ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ይቀራል። መፍትሔው ግን አውርዶ ማጽዳት ነው። ዘግተኸው ማኒፎልዱ እንደተደፈነ ከቀረ ምን አተረፍክ?

ፓምፕ_ቤት፦
እኔ እዚህ ላይ ከጋሼ አልስማማም፣ ዘግተው ዓመታት የነዱ ደንበኞች አሉኝ። ግን የዛሬው ክርክር አይደለም፣ ልጁ ቁጥሩን ያምጣ።

ቁፋሮ፦
ቁጥሩ መጣ። ስካነሩን ከጓደኛ ተውሼ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ላይ ኮምፕሬሰሩን አስሬ ነዳሁት። ወንድሜ እየነዳ እኔ አነበብኩ።

ሞተር ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ጋዝ፣ 2,500 ዙር ላይ 118። ከዚያ በላይ አልወጣም። የሬል ግፊት 120 ሜጋ ፓስካል ሲጠየቅ ከ118 እስከ 121 ይሰጣል። ውሃው 86 ዲግሪ። የተመዘገበ ኮድ የለም።

ብርጭቆው ውስጥ ውሃ አላየሁም። ሥራ ላይ ቆሞ አይነቀነቅም።

ጋሽ_ሞተር፦
እጅህ ይባረክ። አሁን ብዙ ነገር ተዘጋ።

ሞተር ሳይነሳ 76 ማለቱ ሴንሰሩ የአዲስ አበባን አየር በትክክል ያነባል ማለት ነው። 101 ቢል ኖሮ ሴንሰሩን እንጠረጥር ነበር። ሬሉ የተጠየቀውን እየሰጠ ነው፤ ፓምፑን ከተጠርጣሪ መዝገብ አውጣው። ውሃው 86 መሆኑ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ እንዳልቀረ ያሳያል። 60 ላይ የሚቆይ ሞተር ራሱን ቀዝቃዛ ነኝ ብሎ ናፍጣ ይጨምራል፣ ያም አይደለም።

የቀረው 118ቷ ናት። በሙሉ ጭነት ወደ 200 መጠጋት ነበረበት። ቱርቦው ከውጭው አየር ላይ 42 ብቻ ነው የጨመረው። ወይ ቱርቦው አልሠራም፣ ወይ ሠርቶ አየሩ መንገድ ላይ እያመለጠ ነው። ሲጎትት ፉጨት ወይም የማፍሰስ ድምፅ አለው?

ቁፋሮ፦
አለው። ከኮፈኑ ሥር "ፍፍፍ" የሚል ነገር። ጋዝ ሲሰጠው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቆሞ አይሰማም።

ጋሽ_ሞተር፦
እንግዲያው ቱርቦ አትግዛ። አየሩ ነው የሚያፈስሰው።

ለምን ናፍጣ እንደሚጠጣም በዚሁ ይገባሃል። አየር መለኪያው ያለው ከቱርቦው በፊት ነው። በእሱ በኩል ያለፈውን አየር ኮምፒውተሩ ሲሊንደር የገባ ይመስለዋል። ለዚያ አየር የሚበቃ ናፍጣ ይረጫል። አየሩ ግን መንገድ ላይ ወጥቶ ሄዷል። ናፍጣው አየር እንዳጣ ከሰል ይጨሳል፣ ጉልበት አይሆንም። ወንድምህ ጉልበት ሲያጣ ደግሞ ፔዳሉን ይጨምራል። ቱርቦውም የጎደለውን ለመሙላት ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ ኮምፕሬሰሩን አትጎትትበት።

የዚህ ሃይሉክስ ኢንተርኩለር (ከቱርቦ የወጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው) ከሞተሩ በላይ፣ ኮፈኑ ሥር ነው የተቀመጠው። ከቱርቦ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ማኒፎልድ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ሙቀት ይበላቸዋል። ከላይ ስታያቸው ደህና ናቸው። የሚሰነጠቁት ከታች በኩል ነው፣ ሞተር ቆሞ ስንጥቁ ይዘጋል። ግፊት ሲመጣ ብቻ ነው አፉን የሚከፍተው።

ዳገት_ፈሪ፦
ቆይ፣ ልጁ የሚጎትተው እኮ ኮምፕሬሰር ነው። አየር አጣሁ እያለ ከኋላው አየር አስሮ ይዞራል? ራሱ ይመርምረው እንጂ!

ጋሽ_ሞተር፦
ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ። ልክ ነው፣ በኮምፕሬሰር ነው የሚፈተሸው። ግን ጥንቃቄ! የቁፋሮ ኮምፕሬሰር 7 ባር ነው የሚሰጠው። በቀጥታ ካስገባህ ቱቦውን አፈንድቶ ፊትህን ያገኘዋል። መቀነሻ ጌጅ አድርግና ከ1 ባር በታች አውርደው፣ ግማሽ ባር ይበቃል።

የአየር ፊልትሮውን ቱቦ ከቱርቦው አፍ ላይ ፍታ። አፉን በወፍራም ክዳን ዝጋና በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰረው፤ ክዳኑ ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ተክለህ አየር ስጥ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ መጋጠሚያዎቹ ላይ ሁሉ እርጭ። አረፋ የሚያፈላበት ቦታ ነው የምትፈልገው። በዘይት መሙያው በኩል ትንሽ ትንፋሽ ብትሰማ አትደንግጥ፣ በተከፈቱ ቫልቮች የሚሾልክ ነው።

ሰላም_ሎጂስቲክስ፦
እሱን እስክትሠራ አንድ ነገር በነፃ ሞክር። ሜዳ መንገድ ላይ በ40 ይዘህ ማርሹን ነፃ አድርግ። መኪናው ቶሎ ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል? ስትቆም እጅህን ወደ አራቱ ጎማ ብረት አስጠጋ፣ አትንካው። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የኋላው ታምቡር ነው፣ የእጅ ፍሬን ገመድ በጣም ተጠብቆ። የተጎታቹንም ጎማ እይ፣ እሱን ማንም አያየውም።

ቁፋሮ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በየተራ ልንገራችሁ።

ሳሙናውን ረጨሁ። ከላይ ምንም የለም። መስታወት ይዤ ከሥር ሳይ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደው ቱቦ ፋሸታው ጥግ ላይ አረፋ ያፈላል። አወረድኩት። ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ፣ ዙሪያው በዘይት ረጥቦ አቧራ የተለጠፈበት። በሁለት እጄ ሳጥፈው እንደ አፍ ተከፈተ፣ ስለቀው ስንጥቁ ጠፋ። አዲስ ቱቦ ከነፋሸታው ገዛሁ። ኢጂአሩንም አወረድኩት፤ ጥላሸት ነበረው ግን ክፍት አልተጣበቀም፣ አጽድቼ መለስኩት።

የሰላምን ሙከራ ደግሞ ሠራሁ። ከኋላ የግራው ጎማ እጅ አያስጠጋም። ስንፈታው የፍሬን ሸራው አልቆ ዳርና ዳር ተበልቷል፣ ታምቡሩ ሰማያዊ ሆኗል። ገመዱ ተጠብቆ ነበር። የተጎታቹ ደህና ነው።

እዚያው ዳገት፣ እዚያው ማርሽ፣ እዚያው ጭነት፦ ግፊቱ 194። ጭሱ ሲነሳ ትንሽ ነው፣ ከዚያ ይጠራል። በሦስተኛ ወጣ። ናፍጣ እንዳልሽኝ አፉ ድረስ ሞልቼ ለካሁ፣ ያለ ተጎታች በቆጣሪው 8.5።

ሰላም_ሎጂስቲክስ፦
በጎማህ አስተካክለው፣ 9.1 ነው። ከድሮው 10 ጋር ያለህ ልዩነት ጠባብ ሆኗል። ሰፊ ጎማ ላይ እስካለህ 10ን አትጠብቅ። ወንድምህንም ከተጠርጣሪ መዝገብ አውጥተነዋል።

ፓምፕ_ቤት፦
ጥሩ ነው። ጠርሙሱን ግን ሞከርከው? ስትነሳ የሚታየው ትንሽ ጭስ አልጣመኝም።

ቁፋሮ፦
ሞከርኩት። ሦስቱ እኩል ናቸው። አራተኛው እጥፍ ባይሆንም በግልጽ ይበልጣል።

ፓምፕ_ቤት፦
እሱን አንዱን ብቻ አውርድና ማሽን ላይ አስፈትሸው። ስትመልሰው ከሥሩ ያለችውን የመዳብ ዋሸር አሮጌዋን አታስገባ። በዚህ ሞተር ላይ ያቺ ዋሸር ካስተነፈሰች የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ዘይት ይገባል። ዘይቱ ጥላሸት ይይዛል፣ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተር ዘይት አጥቶ ይነክሳል። አራቱንም ዋሸር ቀይር፣ ርካሽ ናት። ዘይት ስትቀይርም ካርተሩን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርደህ ወንፊቱን አሳይ። ኖዝሉ ማሽኑን ካለፈ ግን መልሰህ ንዳው፣ ሥራ ላጣ ብዬ አልዋሽህም።

ኮሎራዶ_ልጅ፦
እዚህ ለዚህ ፍተሻ ሰዓት ቆጥረው ነው የሚያስከፍሉት። ሳሙናና ጠርሙስ ይሄን ሁሉ? ቱቦዎቼን ላይ ሄድኩ።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ይሄ ለአይሱዙ ዲማክስ 3.0 ይሠራል? የእኔም ይጨሳል፣ ግን ነጭ ነው።

ጋሽ_ሞተር፦
የአየር ፍተሻው ለማንኛውም ባለ ቱርቦ ይሠራል፣ ኢንተርኩለሩ የት እንደተቀመጠ አይተህ ቱቦዎቹን ተከተል። ነጭ ጭስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ሞቆም? የራዲያተሩ ውሃ ይቀንሳል? አዲስ ክር ክፈትና እሱን ጽፈህ ና።